ልጄን ግግ አላስነቅልም ያልኩ ጊዜ

ባሌ ከደሴ ይዞኝ መቀሌ የገባው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። የአሞሌ ነጋዴ ስለነበር ጨው ጭኖ ወደ ወሎ ሲወርድ ሳምንታት ይቆያል። እኔ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ ከአንዲት የአገሩ ባልቴት ግቢ በተከራየናት ክፍል ብቻዬን እቀራለሁ። ሴትየዋን «ኣደይ» እላቸው ነበር፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። እሳቸውም «ጓለይ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ከልብ ነበር የምንዋደደው።

እርግዝናዬ ሲገፋ ድዴ እየደማ አስቸገረኝ። መፋቂያ ባነሳሁ ቁጥር ደም ስለምተፋ መፋቅ ተውኩ። ብዙም ሳይቆይ የመንጋጋ ጥርሴ ተቦረቦረና ጉንጬ አበጠ። እህል መቅመስ አቃተኝ። ኣደይ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው አስያዙኝ፤ አላስታገሰልኝም። ልነቀለው ነው ስላቸው ደነገጡ።

«ነፍሰ ጡር ጥርሷን ከተነቀለች ፅንሱ ይወርዳል» አሉኝ።

«እኔ ካልበላሁ እሱስ በምን ያድጋል?» አልኩና ነጠላዬን ተከናንቤ ወጣሁ።

የሐኪም ቤቱ ድሬሰር ጉንጬን አይቶ፣ «የሚጎዳሽ መግሉ ነው እንጂ መነቀሉ አይደለም፤ አይዞሽ» አለኝና ነቀለልኝ። በጨው ውሃ እንድጉመጠመጥ፣ ድዴ ደማ ብዬም መፋቅ እንዳልተው መከረኝ። ጨው እንደሆነ ከቤታችን አይጠፋም። ፅንሱም አልወረደም፤ ሴት ልጅ ወሯን ጠብቃ ተወለደች።

ልጄ የያዘችውን ሁሉ ወደ አፏ መውሰድ በጀመረችበት ሰሞን ተቅማጥ ያዛት። አባቷ መንገድ ላይ ነበር። ኣደይ ከንፈሯን ገልጠው አዩና፣ «ግግ ነው፤ ድዷ ነጥቶ አብጧል። ቶሎ ካልወጣ ይገድላታል» አሉ። ሳልጠይቃቸው የሰፈሩን ግግ አውጪ ጠርተው መጡ። ሴትየዋ ጫፉ የሾለ ብረት በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ሕፃን ድዱን እንዲህ ተወግቶ፣ ደሙ አልቆም ብሎ ሞቷል። ሰዉ ግጉ ዘግይቶ ስለወጣ ነው አለ። እኔ ግን ያን ደም አይቼዋለሁ።

ልጄን ደረቴ ላይ ለጥፌ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አትነካም» አልኩ።

«አባቷ በሌለበት ብትሞት ምን ትይዋለሽ?» አሉ ኣደይ።

«እናቷ እኔ ነኝ። የምለውን እኔ እለዋለሁ።»

«እንግዲያስ እኔ የለሁበትም!» ብለው ሴትየዋን አስከትለው ወጡ።

ብትሞትብኝስ? እየፈራሁ ልጄን አዝዬ ወደ ሐኪም ቤት ገሰገስኩ። ድሬሰሩ ድዷን በጣቱ ዳሰሰ።

«ይሄ ሊወጣ የደረሰ ጥርስ ነው። የተቅማጡ ነገር ሌላ ነው። ጡትሽን ደጋግመሽ ስጫት፤ ውሃም አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ በማንኪያ አጠጫት» አለኝ።

ጡቴ ቆሳስሎ እያመመኝ አጠባኋት። አልጠባም ስትል አልቤ ጠብ ጠብ አደርግላታለሁ። ኣደይ በደጄ ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ማገዶ ሲያልቅብኝ ግን ያለ ድምፅ በሬ ላይ አስቀምጠውልኝ ይሄዳሉ። ቀስ በቀስ ተቅማጡ ተወት አደረጋት፣ ዓይኗም በራ። ቆይቶ ከታችኛው ድዷ ሁለት ነጫጭ ጥርሶች ብቅ አሉ።

ይዣት ኣደይ ቤት ገባሁና አስታቀፍኳቸው። ጣታቸውን ነከሰቻቸው። ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ። የሁለት ልጆቻቸውን ግግ አስነቅለው ሁለቱንም እንደቀበሩ ያን ቀን ነው የነገሩኝ።

ልክ ነበርሽ አላሉኝም። ሁለተኛ ልጄ ታሞ ግግ አውጪዋ ስትመጣ ግን ከአጥሩ በር የመለሷት እሳቸው ናቸው።