በጁምዓ ሰዓት የተደረገው የጫና ሙከራ

ለዚህ ትውስታ ሁለት ምንጮች ብቻ አሉኝ፦ እያረጀ ያለው የራሴ አእምሮ፣ እንዲሁም በዚያ ዘመን አብራኝ ትሠራ የነበረችው ጸሐይ በስልክ የነገረችኝ። በጽሑፍ የቀረ ነገር የለም። ስለዚህ የሰዎቹን ንግግር የማቀርበው ዛሬ እንደሚመስለኝ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ ልጄ ማርታ ናት። ሰሞኑን ጅማ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ተቀምጣ፣ በላፕቶፗ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። የመረጃ ቋቷ የጥያቄ ጎርፍ ሲወርድበት ምን ያህል እንደሚችል ልትለካ ነበር። በመሃል መብራት ጠፋ።

«አባዬ፣ ባትሪ አለው እኮ» አለችኝ። እኔ ግን የወንበሩን ክንድ ጨብጬ ነበር።

በወጣትነቴ በአንድ የቡና መጋዘን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበርኩ። ገበሬው ቡናውን ሲያስረክብ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቡናው ተገልብጦ ከክምሩ ይቀላቀላል። ከዚያ ወዲያ ድርሻውን የሚመሰክርለት ቁጥሩ ሲጠየቅ ስምና ክብደት የሚመልሰው የመረጃ ቋት ብቻ ነው። የለቀማው ግርግር ሳይበረታ የቋቱን አቅም እንድለካ ታዘዝኩ። ሰዓቱን የመረጡት ኃላፊያችን ሐጂ ከማል ናቸው።

«ጁምዓ ላይ ሞክረው። ያኔ ወላሂ ዝንብ እንኳ በመስኮታችን አያልፍም» አሉኝ። ቡና የምንረከብበት መስኮት ሥራ ይፈታል ብለው ስላሰቡም ለተረካቢዋ ለጸሐይ አልነገሯትም።

ግቢው በእርግጥም ጭር አለ። የእርጥብ ቡና ገለፈት ይሸታል፤ ከአሰንዳቦ በኩል ያለወቅቱ ደመና ይጠቁራል። በዚያው በገበሬዎቹ ቋት ላይ የፈጠራ ቁጥሮችን እያከታተለ የሚጽፈውን ትእዛዝ አስነሣሁ። ወዲያው ከመስኮቱ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ወንዶቹ መስጊድ ሲገቡ ሰልፉ ስለሚያጥር ሴቶቹ ቡናቸውን የሚያመጡት በዚያው ሰዓት ነበር። ይህን ሐጂም እኔም አላሰብነውም።

የቆሙት ከሊሙ ገነት የመጡት አዴ ፋጡማ ናቸው፤ ባላቸው ሞቶባቸው ልጆቻቸውን በዚያ ቡና የሚያሳድጉ። ቡናቸው ተመዝኖ ተገልብጧል፤ ጸሐይም መዝግባዋለች፤ ደረሰኙ ግን አልወጣም። ምዝገባው ከፈጠራ ቁጥሮቼ ኋላ ተሰልፎ፣ መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ ብቻ ነበር፤ ዲስኩ ላይ ገና አልሰፈረም። ሙከራውን ብቆርጠው ቋቱ ይበላሽ ይሆናል፤ ብጠብቅ መብራቱ ሊሄድ ነው። የጅማ መብራት ነጎድጓድ አይጠብቅም፤ ደመናውን ሲያይ ነው የሚሄደው።

«ደረሰኜስ?» አሉ።

«ትንሽ ይታገሱኝ፣ አዴ፤ እየሠራ ነው።»

«ለእኔ ነው የሚሠራው ወይስ ለራሱ?»

ጸሐይ ሳቀች። ሰማዩ ሲያጉረመርም አዴ ፋጡማ ቀና ብለው አምፖሉን አዩ።

«ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ሲጠፋ ቡናዬም አብሮ ይጠፋል?»

ወዲያው መብራቱ ጠፋ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። እንደዚያ የፈራሁበትን ቀን አላውቅም፤ በሴትዮዋ ፊት ቆሜ «የለዎትም» ስል ይታየኝ ነበር። መብራት ሲመለስ ቁጥራቸውን ጻፍኩ። ስክሪኑ ጥቂት ዘግይቶ ስማቸውንና ክብደቱን አወጣ። አዴ ፋጡማ ደረሰኙን አጥፈው ሻሻቸው ውስጥ ቋጠሩት።

«ሁለተኛ ከመሞከርህ በፊት መስኮቱን እይ» ብለውኝ ሄዱ።

ማርታን የጠየቅኋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «በማን ስም ላይ ነው የምትሞክሪው?»

«በማንም፣ አባዬ። ባዶ ቋት ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ወንበሩን ለቀቅሁ።

ጸሐይ ግን ሌላ ትላለች። መብራት ሲመለስ ምዝገባው ጠፍቶ ነበር፤ እኔ ደንግጬ በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆሜ ሳለሁ፣ በቃሏ ይዛው የነበረውን ክብደት ዳግም ያስገባችው እሷ እንደሆነች ነግራኛለች። የማንኛችን እውነት እንደሆነ ማረጋገጥ አልቻልኩም። በረንዳ ላይ መቆሜን አላስታውስም። ቁጥሩን ስጽፍ እጅጌዬ እርጥብ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ።