አባባ ደምሴ በቁማቸው ያስተከሉት ድንኳን

ባለፈው ሐሙስ የእድራችን ሰዎች በክረምቱ የረጠበውን ድንኳን አውጥተው እዚህ ጀሞ፣ የኮንዶሚኒየማችን አጥር ላይ አሰጡት። እኔ ልጄን ቤዛን ከትምህርት ቤት ይዤ፣ እጇን ጨምድጄ፣ እየተሽቀዳደሙ የሚበሩት ታክሲዎች እስኪያልፉልኝ ዳር ላይ ቆሜ ነበር። እነሱ አያልቁም፣ እኔም አልደፍር። ያ ሻጋታና ጭስ የተቀላቀለበት የሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው ግን ሳቄ መጣ። "እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?" አለችኝ። የልቅሶ ድንኳን ሸቶኝ ነው ይባላል?

እኔ ያደግኩት ሀና ማርያም ነው። ያኔ ደጃችን ጠጠር መንገድ ነበር፤ ድንጋይ የጫኑ ገልባጭ መኪኖች ከዳገቱ አናት እየተንደረደሩ ሲወርዱ አቧራቸው ድስት ውስጥ ይገባል። ፍርሃቴን የወረስኩት ከእናቴ ነው። የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ወጥታ ልጆቿን ትቆጥራለች። እኛ አራት ነን፤ አንድ ቀን በድንጋጤ የጎረቤት ልጅ ጨምራ አምስት ብትቆጥር፣ ከጎደለው ይልቅ የተረፈው አስደንግጧት ኡኡ ብላ ሰፈሩን ሰበሰበችው።

እንደልባችን የምንጫወተው ታዲያ ሰው ሲሞት ብቻ ነበር። የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ትልልቆቹ ወደ ልቅሶ፣ እኛ ደግሞ ለሰኞ ማክሰኞ የምትሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ ፍለጋ እንሮጣለን። ድንኳኑ የሚተከለው መንገዱን ዘግቶ ነውና፣ የቱንም ያህል የቸኮለ ሹፌር እሱን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ በመጣበት ይመለሳል። በቁሙ ላለ ልጅ ያልቆመ፣ ለሞተ ሽማግሌ ይቆማል። ሦስት ቀን ሙሉ መንገዱ የኛ ነው፤ ኪሳችን ንፍሮ፣ ጉልበታችን አቧራ። ወር ሙሉ ሰው ሳይሞት ሲቀር ደግሞ ይከፋናል፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ተስፋችንን የጣልነው አባባ ደምሴ ላይ ነበር። የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሳል ስለያዛቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጃቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አንድ ጠዋት ልጆቹ እኔን ላኩኝ። እንዴት አደሩ ብላቸው፣ "ተመስገን፣ ዛሬስ ተሽሎኛል" አሉኝ። ፊቴ ጥቁር አለ።

"ምነው ልጄ?"

"አባባ፣ መቼ ነው የሚሞቱት?"

እናቴ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታ "መሬት ተከፍተሽ ዋጪኝ!" አለች። እሳቸው ግን አስቀምጠው ምክንያቴን ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይስቁ ይሳሉ ሳይለይ እንባቸው እስኪፈስ ተንከተከቱ።

በነጋታው ቅዳሜ ድንኳኑ መንገዱ ላይ ተተክሎ አደረ። የታችኛው ሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው "ወይኔ ደምሴ! ወይኔ ጋሻዬ!" እያሉ ሲደርሱ፣ ጋሻው ራሳቸው በሩ ላይ ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ የሺ የምትባለዋማ ለቅሶዋን ባንዴ ማቆም አቅቷት፣ እያለቀሰች ጤንነታቸውን ጠየቀቻቸው።

"ታዲያ ማን ሞቶ ነው?"

"ማንም እንዳይሞት ነው" አሏት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ድንኳኑ ይተከላል። ሹፌሮቹ ያን ሰፈር ክፉ በሽታ የገባበት ነው ብለው አወሩብን መሰለኝ፣ በሌላውም ቀን ደጃችን ሲደርሱ እያማተቡ ቀስ ብለው ማለፍ ጀመሩ። እናቴም መቁጠሯን ትታ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትል ጀመር።

አባባ ደምሴ ሁለት ዓመት ቆይተው አረፉ። ድንኳኑ ተተከለ፣ መኪኖቹ ተመለሱ፣ መንገዱ ጭር አለ። ጠፍጣፋዋ ድንጋዬ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አንዳችንም አልተጫወትንም።

ዛሬ እዚህ ድንኳን የሚተከለው ግቢ ውስጥ ነው፤ መኪናው ለሞተም አይቆም። መንገዱ ላይ ፍጥነት የሚያበርድ ጉብታ ይሠራልን ብለን ካመለከትን ቆየን፤ እኔም ፊርማዬ እንዳይበላሽ ትንፋሼን ውጬ ነው የፈረምኩት። እስከዚያው ልጄን የምቆጥረው እኔ ነኝ፤ አንድ ናት፣ እሷኑ ስንቴ እንደምቆጥራት።

ያን ሐሙስ ድንኳኑን ያሰጣ የነበረው የእድራችን ሊቀመንበር፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጠጋ ብዬ፣ ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ይሄን መንገዱ ላይ ትከሉልኝ አልኩት። ደንግጦ ሸራውን ለቀቀው።

"ውይ እትዬ አስቴር! ማን ሞተ?"

"ማንም እንዳይሞት ነው።"

ሊስቅ ነበር። መንገዱን አየ፣ ቤዛን የጨመደደ እጄን አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሸራውን በመዳፉ ዳሰሰና፣

"ነገ ይደርቃል" አለኝ።