ከጨዋታው በፊት የተጠመቀው ጠላ

ዛሬ ጠዋት የጋኑን አፍ ስከፍት የወጣው የጌሾ ሽታ ወደ ልጅነቴ ግቢ ይዞኝ ሄደ።

ጎረቤታችን አያ ሙላት በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር። ከቡሬ ልጆች ጋር ሊጋጠም በተባለ ሰሞን፣ የከተማችን የፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ አስቀድሞ ያጨበጭብለት ነበር፤ እናቴም ማሸነፉን ስላልተጠራጠረች የደስታውን ጠላ ቀድማ ጠመቀች። በጨዋታው ቀን ግን ኳሷ የቀለበቱን ጠርዝ እየነካች ተመለሰች። እኔ አቧራው በፀሐዩ ወርቅ መስሎ ሲንሳፈፍ አይ ነበር። ተሸነፍን። ያ ሁሉ ያጨበጨበ ሰው ግቢያችን ዝር አላለም።

አመሻሽ ላይ አያ ሙላት አንገቱን ደፍቶ አጥራችንን ታክኮ ሲያልፍ፣ እናቴ በጣሳ ቀድታ ጠራችው።

«በየትኛው አፌ ልጠጣው፣ እትዬ?» አላት።

«የተጠመቀው ላንተ ነው፤ ለኳሱ መች ሆነና! ይልቅ ዝቅ በል፣ በሩ እንዳይመታህ።»

ነገሩ ያኔ አልገባኝም። ጎንበስ ብሎ ሲገባ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እኔው ትንሽ ልጅ መሰለኝ።

ነገ ልጄ ቡሬ ላይ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ጎረቤቴ ጋኑን አይታ፣ «ብትሸነፍስ?» አለችኝ።

«እንዲያውም ያኔ ነው የሚጠጣ» አልኳት።