የእናቴ ክፍልና የሰፈሩ ድንኳን

ነቀምቴ ውስጥ ቤት መሥራት ከባድ አይደለም፤ ከባዱ ልትሠራ መሆንህን ለማዘጋጃ ቤት ማስረዳት ነው። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። በኦሮምኛ አፋቸውን ለፈቱ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው በዚያው በኦሮምኛ ለሚያሙኝ ልጆች ተውሳከ ግሥ ሳስረዳ ጸጉሬ ሸብቷል። ሐሜታቸውን አንድ በአንድ እሰማዋለሁ፤ እኔም ያደግሁት እዚሁ ነው። ተውሳከ ግሥ የምታስረዳ ሴት ግን እናቷ አንድ ክፍልና አንድ ሽንት ቤት እንደሚያስፈልጓት ማስረዳት አቅቷት በጋውን ሙሉ ደጅ ጠናች።

እናቴ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው መጥተው ወለጋ ከሰፈሩት ናት። አባቴ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም፤ ወሎ ነውና ማንም አልገረመው። ጉቶ ጊዳ ገጠር በቆሎና ጤፍ ሲያመርቱ አርጅተው አባቴ ሞተ፤ እሷ ከጉልበት ሕመሟና ከላሞቿ ጋር ቀረች። ወደ እኔ ነይ ብዬ ብለምናት ብለምናት እምቢ አለችኝ። ለምን ስላት ላሞቹን ታመካኛለች። በመጨረሻ ያመጣት ባለቤቴ ነው። እሱ የአርጆ ሰው ነው፤ እዚያው በግብርና ሥራ ተቀጥሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እናቴ ደግሞ ከወለደቻት ልጅ ይልቅ አማቿን ትሰማለች። ላሞቹን ሸጠላትና እሷን ከነጓዟ ባጃጅ ላይ ጭኖ ይዟት መጣ። በዕድሜዋ ስትጫን ይህ ሁለተኛዋ መሆኑን ለሾፌሩ ሳይቀር እየነገረች ገባች።

ቤታችን ቁልቁለት ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ግርጌ ነው፤ በአፈር ደረጃ ተወርዶ። አንድ ቀን ያለ ጊዜው ካፊያ ጥሎ እናቴ ከላይኛው ደረጃ በመቀመጫዋ ተንሸራታ የቆመችው ፓፓያው ሥር ነው። «መንገዱን በቂጤ ጠረግሁላችሁ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ሐኪሙ በሚቀጥለው ዳሌዋ ይሰበራል፣ በዚህ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ መልሶ አይቆምም ብሎኛል። ክረምቱ ሳይገባ ከዋናው ቤት አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ሽንት ቤት ያለው ክፍል ልሠራላት ቆረጥሁ።

ሜዳ ማለቴ የእኛኑ ግቢ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው አይሱዙ ነበረውና ለማቆሚያ ብሎ ቁልቁለቱን ቆርጦ ደልድሎታል። በሰፈራችን ኳስ ቢያስቀምጡበት የማይንከባለልበት ቦታ እሱ ብቻ ነው።

ማዘጋጃ ቤት ገባሁ። የግንባታ ፈቃድ የምትሰጠው ባለሙያ እኔ አስተምሬያት ሊሆን የሚችል ዕድሜ ያላት፣ ትሑት ልጅ ናት። ትሕትናዋ ነው የጨረሰኝ። ካርታ አምጪ አለችኝ፣ አመጣሁ። የዘመኑ ግብር ደረሰኝ አለች፣ አመጣሁ። ፕላን አለች። ፕላን የሚሠራልኝ ወጣት ያመጣልኝ ወረቀት ላይ የእናቴ ክፍል ወደ ላይ የሚወጣ ደረጃ ነበረው። ደረጃው ወዴት ነው የሚሄደው ስለው ምናልባት ወደፊት ፎቅ ካሰቡ አለኝ። ለከተማው ሰው ሁሉ የሚሰጠው አንዱኑ ፕላን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ደረጃውን አስጠፍቼ ስመለስ ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት። በማግሥቱም ስብሰባ ላይ ናት። የቢሮው ዘበኛ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እያለ ያጽናናኛል። የእኔ እንቁላል በዚያ ሁሉ ጊዜ ተፈልፍሎ፣ ዶሮ ሆኖ፣ ታርዶ ይበላ ነበር።

ልጅቷ ከስብሰባ ስትወጣ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል አለችኝ፤ ክፍሉ አጥር ተጠግቶ ስለሚሠራ አዋሳኝ ጎረቤቶች ተስማምተናል ብለው ይፈርሙ። ሳቅሁ። ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ፤ ከቅርብ ዘመድ ይልቅ ለእነሱ ነው ክፉና ደጌን የምነግረው። የታችኛዋ ቅቤ ነጋዴ ናት፤ የጎኑ ሰውዬ ባጃጅ አለው፤ የላይኛው ጡረታ የወጣ የጤና ረዳትና የእድራችን ዳኛ ነው። ከእሱ ጋር የሚኖሩ፣ አልጋ ላይ የዋሉ እናቱ አሉ። እናቴ ከመጣች ወዲህ ግድግዳ እየያዘች ወደ እሳቸው መውጣት ሥራዋ ሆኗል። የወሎ ለዛ ባለው ኦሮምኛና በገበያ አማርኛ እየተግባቡ የልጆቻቸውን ጉድ ሲያወሩ ይውላሉ።

ከሦስቱም ቤት አንጮቴ፣ ያን የወለጋ ሥራ ሥር፣ በላሁ። ፊርማ ግን ከአንዱም አላገኘሁም። ቅቤ ነጋዴዋ ባሏ ከኑኑ ቁምባ ሲመለስ አማክራለሁ አለች፤ ባሏን ስታማክር አይቻት አላውቅም። ባለ ባጃጁ መነጽሩ ጠፍቶበታል፤ ያለ መነጽር ባጃጅ ይነዳል። የእድሩ ዳኛ ደግሞ «ኢሺ፣ እናየዋለን» ብሎ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወራኝ። ሳህኔ ላይ አንጮቴ እየጨመሩ፣ ጤናዬን እየጠየቁ፣ ሦስቱም በር ድረስ ሸኙኝ።

ነደደኝ። መስኮቱ ወደ እነሱ ስለሚያይ ይሆናል ብዬ መስኮቱን አዛወርሁ። ጣሪያው ውኃ ያፈስባቸዋል ብለው ይሆናል ብዬ ጣሪያውን አስገለበጥሁ። ፕላን የሚሠራው ልጅ በእኔ ምክንያት ሳይሠለጥን አልቀረም። ጎረቤቶቼ ግን አሁንም ያበሉኛል እንጂ አይፈርሙም። ያኔ ክፉ ክፉውን ማሰብ ጀመርሁ። የሰፋሪ ልጅ ስለሆንሁ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ኖረን ለካ መሬት ላይ ሲደርስ እንግዳ ነኝ አልሁ። ቅዳሜ ባለቤቴ ሲመጣ ይህንኑ ጮክ ብዬ ነገርሁት፤ አጥሩን አልፎ እንዲሰማ ነው። እሱ ጫማውን እያወለቀ፣ ሰው ያልነገረሽን ነገር አትስሚ አለኝ። እንዲህ ዓይነት ጨዋ ሰው ማግባት አልፎ አልፎ ያናድዳል።

ክረምቱ እየቀረበ ሳለ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን የሚለካ ቀያሽ ላከ። ቀያሹ ሜትሩን እየዘረጋ ወደ ኋላ ሲሄድ እግሩ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ አየ። በጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድነው የነበሩ፣ ግራና ቀኝ በረድፍ የተሰለፉ ጉድጓዶች ናቸው። ምንድን ናቸው ሲለኝ «የእድር ድንኳን የሚተከልባቸው ናቸው» አልሁት፤ ሽንኩርት የት ነው ተብዬ እንደ ተጠየቅሁ ያህል። ያልሁትን የሰማሁት ካልሁት በኋላ ነው።

ድሮ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተከለው መንገዱ ላይ ነበር። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ኮብልስቶን ላይ ግን ምሰሶ አይተከልም። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት የእድሩ ጎረምሶች የእኛን በር ከፍተው ይገባሉ፣ ድንጋዮቹን ያነሣሉ፣ ድንኳኑን ያቆማሉ። ያስፈቀደኝ የለም፤ እኔም የከለከልሁት የለም። ውኃ አቀርባለሁ፣ ንፍሮ እቀቅላለሁ፣ ሲያልቅ ድንጋዮቹን መልሰው ይሄዳሉ። በእነዚያ ድንጋዮች ላይ ልብስ ሳሰጣ ኖሬ የእናቴን ክፍል መሐላቸው አስነደፍሁት። ጎረቤቶቼ ደግሞ እንዴት ብለው ይንገሩኝ? ሰው ሳይሞት የድንኳን ቦታ መጠየቅ ሞትን በስሙ መጥራት ነው። ያውም የእድሩ ዳኛ እናት አልጋ ላይ ሳሉ። እሱ ቢፈርም እናቱን ያለ ድንኳን ማስቀረቱ ነው፤ አልፈርምም ቢል ምክንያቱን ሊናገር ነው። ስለዚህ አንጮቴ አበላኝ።

ብልህ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ዝም ትላለች። እኔ ቀያሹን ሜዳው ላይ ትቼ ወደ ላይኛው ቤት ወጣሁ። ራስ ሲመለጥና አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም። ገና ሳልቀመጥ «ኦቦ፣ ነገሩ የድንኳኑ ከሆነ ለምን አልነገራችሁኝም?» አልሁት። የዳኛው ዓይን እናቱ ወደ ተኙበት መጋረጃ ሄደ፤ የእኔም ዓይን ተከትሎት ሄደ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሳል ተሰማ። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ አሮጊቷ፤ ከዚያ በኦሮምኛ ቀጠሉ። ይህን ሰሞን ልጃቸው ከሰው ጋር ሲንሾካሾክ የሰሙት የልጅ ልጃቸውን ሠርግ ሊያስገርማቸው መስሏቸው ደስ ብሏቸው ሰንብቷል። ድንኳን ከሆነ ቸኩለው የሚሄዱ አይደሉምና ረጋ ብለን ተማክረን እንጨርስ አሉ። ዳኛው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሲያለቅስ መስሎኝ ደነገጥሁ፤ ሲስቅ ነው።

ችግሩ ያለቀ መስሎኝ ወረድሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ከቀያሹ አውጣጥታለች። ክፍሉ ይቅር አለችኝ። ዳሌሽ አልኋት። ዳሌዬ ይሰበር አለች።

«የሰው ድንኳን ነቅዬ ቤት አልገባም። እዚያ ገጠር ብሞት አብረውኝ የተጫኑት ያለቅሱልኛል። እዚህ ማን አለኝ? አንቺ ብቻሽን ልታለቅሽልኝ ነው?»

ላሞቹ ሰበብ እንደነበሩ ያኔ ገባኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለችኝ ለቀብሯ ፈርታ ነው። እኔ ስለ ሽንት ቤት ስሮጥ እሷ የምታስበው ማን እንደሚያለቅስላት ነበር። ከፋኝ። ተናደድሁባትም፤ በሕይወት ያለችን ልጇን እንደ ሰው አልቆጠረችኝማ።

ቅዳሜ ባለቤቴና የእድሩ ዳኛ ቆመው ተማከሩ። ክፍሉ ጠቦ አጥሩን ይዞ ቢሠራ ድንኳኑ ሳይተርፍ አይቀርም፤ ግን ሸራው ከጉድጓዶቹ አልፎ ምን ያህል እንደሚዘረጋ በትክክል የሚያውቅ የለም። ለመለካት መትከል ያስፈልጋል፤ ሬሳ በሌለበት ድንኳን የሚተክል ደግሞ ማን ነው? ዳኛው መላ አመጣ። ሸራው መጋዘን ውስጥ ሰንብቶ አይጥ ነክሶት እንደሆነ ይናፈስ ብሎ ጎረምሶቹን አስወጣው፤ ሳይቆም ሜዳችን ላይ ተነጠፈ። ለምን እንደሆነ የማያውቅ በሰፈሩ አልነበረም፤ ሁሉም ግን ስለ አይጥ ያወራል። ፕላን የሚሠራው ልጅ የማናፈሱን ሥራ የሚያግዝ መስሎ ዳር ዳሩን ለካ። ከታች ሰፈር ግን ወሬው ያልደረሳቸው ሁለት ሴቶች ሸራውን ከሩቅ አይተው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እያለቀሱ ገቡ። ማን ነው የሞተው ሲሉን እርስ በርስ ተያየን። እናቴ «አይጥ» አለቻቸው። እስከ አሮጊቷ ቤት ድረስ የተሰማ ሳቅ ሳቅን።

ሦስቱም ጎረቤቶች በዚያው ቀን ፈረሙ። የባለ ባጃጁ መነጽር ከኪሱ ነው የተገኘው።

ፕላኑ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ ስም ሊሰጠው ይገባል ተባለ። ፕላን የሚሠራው ልጅ እርሳሱን ይዞ አየኝ፣ እኔ ዳኛውን አየሁት፣ ዳኛው ሰማዩን አየ። ልጁ በመጨረሻ «የመኪና ማቆሚያ» ብሎ ጻፈ። ባለሙያዋ መኪና አላችሁ እንዴ ብላ ስትጠይቀኝ ወደፊት አልኋትና ማኅተሙን መታችው።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ጣሪያው ተመትቶ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ እናቴ ገባች። አጥር ይዞ የጠበበ ነውና አልጋዋና እሷ ከገቡ ለእንግዳ የሚተርፈው አንድ ዱካ ነው። ሽንት ቤቱን ለጎበኛት ሁሉ ውኃ እየለቀቀች ታሳያለች።

አሮጊቷ እንዳሉትም አልቸኮሉም። ክረምቱን አልፈው፣ መስቀልን አልፈው፣ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ አረፉ። ጎረምሶቹ በሩን ከፍተው ገቡ፤ ድንኳኑ ከእናቴ ደጃፍ ጀምሮ ቆመ። እሷ አንድ እርምጃ ሳትወርድ ከአልጋዋ ተነሥታ ድንኳኑ ውስጥ ተገኘች፤ ማንም ቦታ ሳይሰጣት የሟች ሴት ልጆች የተቀመጡበት ፍራሽ ላይ አብራ ተቀመጠች። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ዝማሬያቸውን ሲጨርሱ እናቴ በወሎኛ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። የፕሮቴስታንት ለቅሶ ላይ ሙሾ አይወርድም። ዝም ላሰኛት ብድግ አልሁ፤ ዳኛው በዓይኑ ተይ አለኝ። በአማርኛ ስታለቅስ፣ ግማሹ ሰው ቃሉ ሳይገባው አብሯት አለቀሰ።

ንፍሮ እያዞርሁ ነበር። ከኑኑ ቁምባ የመጡ የሩቅ ዘመዶች ዳኛው አጠገብ ተቀምጠው ያቺ በአማርኛ የምታለቅሰው ሴትዮ ማን ናት ብለው በኦሮምኛ ጠየቁት። ባለ ፎጣዋ፣ ጥቁር የለበሰችው፣ ከየት የመጣች ናት ብለው ነው። ዳኛው ለማሰብ እንኳን ጊዜ አልወሰደም።

«የእናቴ እህት ናት» አላቸው።

ሰዎቹ ተነሥተው ወደ ፍራሹ ሄዱ፤ ጎንበስ ብለው እጇን ይዘው «ዋቅኒ ኢሲን ሃጀጀቤሱ» አሏት፤ እግዜር ያጽናሽ ማለታቸው ነው። እናቴ እንደ ሟች እህት አንገቷን ደፍታ አሜን አለች። እኔ ሳፋውን ይዤ ወደ ማዕድ ቤት ገባሁና በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።