ያልተሞረደችው ኳስ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መካኒክ ነበርኩ። ያኔ የሆነውን ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መሥሪያ ቤታችን ከአንድ ባላባት የተወረሰ፣ ዕድሜ የጠገበ ጥቁር የቅንጦት መኪና ነበረው። ሾፌሩን ጋሽ ደምሴንም ከመኪናው ጋር አብረው የተወረሱ ናቸው እያልን እንቀልድባቸው ነበር፤ ባላባቱንም የነዱት እሳቸው ነበሩና።

አንድ ቀን መሪው እየላላ አስቸገረኝ አሉኝ። እሳቸው መሪውን ግራ ቀኝ ሲወዘውዙ እኔ ከሥር ተኝቼ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ዳበስኩ። መሪውን ከጎማው በሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው የብረት ኳስ ማቀፊያዋ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ተበልታ አልቃለች። መለዋወጫው ደግሞ አገር ውስጥ የለም።

መኪናው ይቁም ብዬ ለኃላፊው ነገርኩት። በአብዮቱ ዘመን የሚቆም ነገር የለም አለኝ።

ብዙም አልቆየ፣ ጋሽ ደምሴ ኃላፊውን ይዘው በሐይቁ ዳር ሲሄዱ ኳሷ ወለቀች። መኪናው ደንገሉ ውስጥ ገባ። የኃላፊው ክንድ ተሰበረ፤ ጋሽ ደምሴም አሻጥረኛ ተብለው ታሰሩ።

ነጻ ታወጣቸዋለች ብዬ ኳሷን ጠራርጌ ለመርማሪው ወሰድኩለት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያት። ታብረቀርቃለች።

"ይቺማ ተሞርዳለች" አለ።

ብረት ሲፋተግ ይነጣል፣ ማረሻም እኮ ሲያርስ ከርሞ ያበራል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። የባላባት ሾፌር ለምን እንደሚሞርድ እናውቃለን ብሎ ኳሷን መሳቢያው ውስጥ ከተታት። ላድናቸው ብዬ የወሰድኳት ኳስ መክሰሻቸው ሆነች።

ጋሽ ደምሴ ከዓመታት በኋላ ሲፈቱ መራመድ ይቸግራቸው ነበር። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጉልበታቸውን ስሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አንተ አይተሃታል፤ እውነቱን ንገረኝ" አሉኝ። "ሞርጃት ነበር እንዴ?"

"አልሞረዷትም፣ ጋሽየ። አርጅታ ነው ያለቀችው።"

"ሲገርፉኝ አዎ አልሁ። አዎ ስል ስል፣ አሁን ሞረዱን የያዝሁት ሁሉ ይመስለኛል።"

እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር ይህንኑ ጠየቁኝ። አልሞረዷትም እላቸዋለሁ፤ እሺ ይላሉ፤ በማግሥቱ ደግሞ ይጠይቃሉ።

ቀብራቸው ላይ አፈሩ ሲመለስ፣ አልሞረዷትም አልኩ። ማን ሰምቶኝ።