የጦሩ መኪና መንጠቆ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ላይ፣ የጨርቅና የቡና ንግድ ለነበራቸው አንድ ጉራጌ ሰው ሾፌር ሆኜ ሠርቻለሁ። ጋሼ ነበር የምላቸው። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል አዲስ አበባ ሄደው፣ ጦር ሠራዊቱ በጨረታ ከሚሸጣቸው አሮጌ ካሚዮኖች አንዱን ገዝተው መጡ። ቀለሙ የከረመ ጎመን የመሰለ፣ ሲነሳ መንደር የሚያናውጥ ጉልበተኛ መኪና ነበር። ግን ወታደሮቹ ከመሸጡ በፊት የመጎተቻ መንጠቆውንና የማንሻ ቀለበቶቹን ከፊትም ከኋላም ፈትተው አስቀርተውታል።

የወለጋ መንገድ ደግሞ በክረምት ያለ መንጠቆ አይደፈርም። ስለዚህ ጋራዥ ወሰድነው። መካኒኩ «ከጣሊያኖች ጋር ሠርቻለሁ» የሚል፣ ከሥራው ወሬው የሚበልጥ ሰው ነበር። መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየና፣

«ከኋላ አንድ፣ ከፊት ሁለት ያስፈልገዋል» አለ።

«የኋላው ይበቃል» አሉ ጋሼ።

«ሲያዝ በምን ይጎተታል ታዲያ?»

ጋሼ ተቆጡ። «ይሄ የጦር መኪና ነው! ይጎትታል እንጂ አይጎተትም። ግንባሩ ላይ መንጠቆ ሰክቼ ‹ኑና ጎትቱኝ› ልበል?»

እኔም ጭቃ የሚይዘው ሰነፍ ሾፌርን ብቻ ይመስለኝ ነበርና «ልክ ነዎት» አልኩ።

የኋላውን መንጠቆ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ከጉቴ መንደር አገኘነው። አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የካሚዮን አጽም ነበር። መንጠቆው ደህና ነው፤ ችግሩ ሴትዮዋ ኮርማቸውን የሚያስሩት በሱ ላይ መሆኑ ነው። መካኒኩ በኦሮምኛ ለመናቸው። እሳቸው ግን ወደ ጋሼ ዞረው በአማርኛ፣

«መንጠቆውን ውሰድ ልጄ። እስኪፈታ ግን ኮርማውን አንተ ትይዝልኛለህ» አሏቸው።

ቀልድ መስሎን ነበር። ሴትዮዋ የኮርማውን ገመድ ፈትተው ጋሼ እጅ ላይ አስቀመጡላቸው። መካኒኩ የዛገውን ብሎን በመዶሻ በመታ ቁጥር ኮርማው ይደነብራል፤ በደነበረ ቁጥር ጋሼን ከነኮታቸው ጓሮውን ያዞራቸዋል። «ፍጠን አንተ!» ይላሉ ከጎመኑ መሀል። በመጨረሻ ጋሼ ለኮርማው ማሰሪያ የሚሆን ወፍራም የዋንዛ ግንድ ለሴትዮዋ አስተክለውላቸው ተገላገሉ።

ነቀምቴ ስንመለስ መካኒኩ መንጠቆውን አፉን ወደ መሬት ገልብጦ ገጠመው። ስንሞክረው ካቦው፣ የመጎተቻው የብረት ገመድ፣ እየሾለከ ወደቀ። «ጣሊያኖቹም መጀመሪያ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት» አለ፣ ምንም ሳያፍር። ፈትተን አቃናነውና ሻንሲው ላይ በአዲስ ብሎን ወጠርነው።

ጨውና አቡጀዲ ጭነን ወደ ጊምቢ ተነሳን። ዲጋ ሳንደርስ ዝናብ ወረደ፤ ያ የጦር መኪና ተንሸራቶ እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ተቀመጠ። ሞተሩም ውሃ ጠጥቶ ጸጥ አለ። ብዙ ከቆየን በኋላ ወደ ነቀምቴ የሚሄድ እንጨት የጫነ ካሚዮን ደረሰ። ሾፌሩ ካቦውን ይዞ ወደ ፊታችን መጣ፤ የፊት መከላከያ ብረቱን፣ ፓራውልቱን፣ ከላይም ከታችም ዳበሰ።

«የት ላይ ነው የማስረው?»

እኔ ጋሼን አየሁ። ጋሼ ሰማዩን አዩ።

«ከኋላ ነው» አልኩት።

«በፊት ቢሆን እኮ አዙሬ እወስዳችሁ ነበር» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። መንገዱ ጠባብ፣ ሞተራችን የሞተ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም። በጎናችን በጭንቅ አልፎ ካቦውን ከኋላችን አሰረና ወደ ነቀምቴ የኋሊት ይጎትተን ጀመር። እኔ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ወደ ኋላ እያየሁ መሪ እይዛለሁ፤ ጋሼ አጠገቤ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። መንገዱን ሞልቶ ወደ ነቀምቴ የሚከተለን ገበያተኛ ሁሉ ፊት ለፊት ያየናል። አንድ በበቅሎ የሚሄዱ ሽማግሌ ከኛ እኩል መራመድ ቻሉና በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመሩ።

«አካም ጅርቱ?»

«ነጋ፣ ነጋ» አሉ ጋሼ።

ሌላ ጊዜ መኪና ያልፋል፣ ሰላምታውም እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ግን ስለ ልጆች፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያይቀው አልጨረሱም። በኋላ ሽማግሌው፣

«ኤሳ ዴምቱ? ወዴት ናችሁ?» አሉ።

«ወደ ነቀምቴ።»

«ታዲያ ለምን ዲጋን ታያላችሁ?»

«የወደቀ ዕቃ እንዳለ እያየን ነው» አሉ ጋሼ፣ ኮስተር ብለው።

ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ስነክስ መሪው አመለጠኝና ቦይ ውስጥ ልንገባ ነበር። ከተማ ስንገባ ባለሱቆቹ ወጥተው አጨበጨቡልን። አንዱማ ተረከዙን አጋጭቶ የወታደር ሰላምታ ሰጠን፤ ጋሼም ባርኔጣቸውን አነሱለት።

በማግስቱ ጋራዥ ገብተው «ግጠም» አሉ። መካኒኩ ያልገባው መስሎ «ምኑን?» ቢላቸው፣ «አፍህን ካልዘጋህ የጉቴውን ኮርማ አንተን ነው የማስይዝህ!» ብለው ጮኹበት። ሁለቱ የፊት ቀለበቶች ከዚያው ከጣሊያኑ አጽም ተፈትተው መጡ፤ በነሱ ላይ ማንም ከብት አላሰረም። በብየዳና በብሎን አጠናክረን ገጠምናቸው፤ እስከማውቀው ድረስ አልተነቀሉም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ የተያዘ መኪና ሲያዩ ጭነታችን ቢዘገይም አስቁመውኝ በኛ መኪና ያስጎትቱኝ ነበር፤ ካቦውንም ራሳቸው ያስሩ ነበር። የኛ መኪና የተያዘ ዕለት ግን ጎታች ሲመጣ ከሩቅ ካዩ፣ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ይወርዱና መኪናው የማን እንደሆነ እንደማያውቅ መንገደኛ በእግራቸው ይቀድሙናል።