ማለዳ አትምጡብኝ

ዙሪክ፣ አፎልተርን ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ አባቴ፣ እናቴና እኔ። ያ ቤት አሁንም በሕልሜ ይመጣል። እሑድ እሑድ ሕንፃው በሙሉ ጭጭ ይላል። ልብስ ማጠብ ክልክል፣ ሚስማር መምታት ክልክል፣ ባዶ ጠርሙስ መጣል እንኳ ክልክል። እናቴ «እነዚህ ሰዎች ሰንበትን ከእኛ በላይ ያከብራሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ግን አላይም» እያለች ትስቅ ነበር።

ሳቋ ሲናፍቀኝ ይኖራል። ከሳቋ ሥር ግን አንድ ጭንቀት ነበረባት። ታናሽ ወንድሟ አዲስ አበባ ታስሯል። ደርግ ከያዘው ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ክስ የለ፣ ፍርድ የለ። አያቴ ስንቅ ታመላልሳለች። ስንቁ እስከገባ ድረስ ልጁ አለ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ይህንኑ የምንሰማው ደብዳቤ ሲደርሰን ነው፣ እሱም ከደረሰ።

በባዕድ አገር ዘመድ ብለን የያዝነው ጄኔቭ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስትየዋ ከእናቴ ጋር አንድ ሰፈር ያደገች ናት፤ እትዬ እላታለሁ። ባሏ ጋሼ የአንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ነው። እትዬ አፏ አያርፍም። እኛ ቤት ስትመጣ ገና ኮቷን ሳታወልቅ «ከወንድምሽ ምን ወሬ አለ?» ትላለች። ሰላምታውም፣ ሐሜቱም ከዚያ በኋላ ነው።

በጥር ወር አንድ እሑድ ደወሉ ጮኸ። ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በጥር እዚያ አገር ሁለት ሰዓት ማለት ገና ሊነጋ ሲል ነው። እናቴ ከነቢጃማዋ ከፈተች፣ እኔ ከኋላዋ። ጋሼና እትዬ ጥቁር ካፖርት ለብሰው፣ ትከሻቸው ላይ በረዶ አዝለው ቆመዋል።

የእኛ ሰው በዚያ ሰዓት፣ ስልክ ሳይደውል፣ በር ላይ ከቆመ ለምን እንደመጣ ይታወቃል። እናቴ ምን ትጠይቅ? «ወንድሜን! ወንድሜን!» ብላ ደረቷን እየደቃች ወለሉ ላይ ተዘረረች። አባቴ አንድ እግሩን ብቻ ሱሪ ውስጥ ከትቶ እየነጠረ መጣ፤ እሱም ሳይጠይቅ ማልቀስ ጀመረ። እነሱን አይቼ እኔም ለቀቅኩት።

«ኧረ በማርያም! አንቺ ሴትዮ ስሚኝ፣ የምሥራች ነው!» ትላለች እትዬ። ማን ይስማት? በመጨረሻ ጋሼ ከኪሱ አንድ ነገር አውጥቶ እናቴ እጅ ላይ አኖረ። በኪሮሽ የተሠራች ነጭ ኮፍያ ናት። አጎቴ እስር ቤት ሆኖ ለእኔ የሠራት። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ ሰው ቅዳሜ ማታ ለጋሼ ሰጠው፣ እነሱም አላስችል ብሏቸው በመጀመሪያው ባቡር ገሠገሡ።

«ታዲያ ስልክ የለም?» አለ አባቴ፣ ሱሪውን እየታጠቀ።

«ወይ ጉድ! የምሥራች በስልክ ይነገራል እንዴ?» አለች እትዬ።

የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን፣ ፀጉሯን በቢጎዲን እንደጠቀለለች፣ ስለ እሑድ ጸጥታ ልትቆጣ ወጣች። አራት ትልልቅ ሰዎች ወለል ላይ ተቃቅፈው ሲያለቅሱና ሲስቁ ስታይ ደረጃውን ተመልሳ ወረደች። ኮፍያዋ ለእኔ እምቢ አለች። አጎቴ የሚያውቀው የሦስት ዓመት ጭንቅላቴን ነው፤ እኔ ዘጠኝ ሞልቶኛል። እናቴ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ስትዳብሳት ዋለች። ሊሄዱ ሲሉ የእትዬን ጆሮ ያዝ አድርጋ፣ «ሁለተኛ ማለዳ እንዳትመጡብኝ! ምንም ይሁን ምን፣ ከሰዓት በኋላ!» አለቻት። ያን ቀን የመሰለ ደስታ እኛ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ሁለት ዓመት ያህል ያቺን ማለዳ እያወራን፣ የአባቴን ሱሪ እያነሳን፣ ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ ኖርን።

ከዚያ አንድ ቅዳሜ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጋሼና እትዬ ኬክ ይዘው መጡ። «ጎሽ! በስንት ጊዜያችሁ ሰዓት አወቃችሁ!» አለች እናቴ። ሻይ ቀረበ። እትዬ ስለ ባቡሩ አወራች፣ ስለ ኬኩ አወራች፣ ስለ ቁመቴ አወራች። ጋሼ ጉሮሮውን ይጠርግና መልሶ ሻዩን ያማስላል። እናቴ «በሞቴ» እያለች ኬኩን አጎረሰቻቸው። ሲመሽ «ባቡሩ እንዳያመልጠን» ብለው ወጡ። በመስኮት ሳይ እትዬ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። ልጅ ነኝና የበረዳት መሰለኝ።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ደወሉ ጮኸ። ለካ ጄኔቭ አልተመለሱም፣ እዚያው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ፣ የእኛ ሰው ዘንድ አድረዋል። የእናቴን ትእዛዝ አክብረው መርዶውን ይዘው ከሰዓት በኋላ መጥተው ነበር፤ ግን ኬክ ከሚያጎርስ እጅ ፊት እንዴት አድርጎ ከአፍ ይወጣል? አሁን ሐበሻው ተጠራርቶ ደረጃውን ሞልቶታል። እናቴ ቀድማኝ በሩን ከፍታለች። ልብሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ነጯን ኮፍያ በእጇ ጨብጣ ቆማለች። ያልተነገራትን መርዶ ለብሳ ነው የጠበቀቻቸው።

እትዬ ገና አፏን ስትከፍት እናቴ እጇን ያዘቻት።

«ትናንት ስለ እሱ ሳትጠይቂኝ ኮትሽን ስታወልቂ ነው ያወቅሁት» አለቻት። «አንድ ሌሊት ይኑርልኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»